የእናቶች ወግ መድረክ ላይ ሲወጣ

ጀንበር ጠልቃ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎችና አለቆች ወደየቤታቸው ሲሄዱ፣ ባልዲና መወልወያ ይዛ የምትገባ ሴት አለች። ልጆቿን እራት አብልታ፣ ታናናሾቹን ለታላቂቱ አደራ ብላ ነው የመጣችው። ወለሉን ትፈትጋለች፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ታራግፋለች፣ ሽንት ቤቱን ታጥባለች። በማግሥቱ ጠዋት ሥራ የሚገባው ሰው የጸዳውን ጠረጴዛ ያያል እንጂ ያጸዳችውን ሴት አያያትም። በኒውዚላንድ ትልቁ ከተማ በኦክላንድ፣ ይህች ሴት ብዙውን ጊዜ ከሳሞአ፣ ከቶንጋ፣ ከኒዌ ወይም ከኩክ ደሴቶች የመጣች እናት ነበረች።

በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ ይህች የማትታይ ሴት መድረክ ላይ ወጣች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «የፍራንጂፓኒ ሽቶ» በተባለው ተውኔት ሦስት የሳሞአ እህትማማቾች በተመልካች ፊት ወለል ሲፈትጉ ይታያሉ። እጃቸው ከሳሙና ውኃ አይወጣም፤ አሳባቸው ግን ሩቅ ይሄዳል። ፍራንጂፓኒ በደቡብ ፓሲፊክ ደሴቶች ሴቶች በጆሯቸው ላይ የሚሰኩት ጥሩ መዓዛ ያለው አበባ ነው። በዚያ አበባ ሽታና በሽንት ቤት ማጽጃ ሽታ መካከል ያለውን ርቀት የምታውቅ ሴት የተውኔቱን ርእስ ስትሰማ ብቻ ብዙ ነገር ይገባታል።

የተውኔቱ ደራሲ ማኬሪታ ኡራሌ በሳሞአ ተወልደው በዌሊንግተን ከተማ ያደጉ ናቸው። በፓሲፊክ ደሴቶች ሰዎች የቴአትር ታሪክ ውስጥ በሴት ተጽፎ በሴቶች ብቻ የተሠራ የመጀመሪያው ተውኔት ይህ እንደሆነ ይነገራል።

ለመሆኑ የሌሊት የጽዳት ሠራተኛ የተውኔት ዋና ባለታሪክ ልትሆን የበቃችው እንዴት ነው? ማን ጻፈላት? ጸሐፊዎቹስ ያን ለማድረግ ምን ዓይነት ሥራ ሠሩ? የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው።

ከደሴት ወደ ፋብሪካ

በኒውዚላንድ የሚኖሩት የፓሲፊክ ደሴቶች ተወላጆች ባጠቃላይ «ፓሲፊካ» ተብለው ይጠራሉ። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሕዝቦቹ ብዙ ናቸው። ሳሞአዎች፣ ቶንጋዎች፣ የኩክ ደሴቶች ሰዎች፣ ኒዌዎች፣ ፊጂዎች፣ ቶኬላዎችና ሌሎችም የየራሳቸው ቋንቋና ልማድ አላቸው። በ2023 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ቁጥራቸው 442,632 ነበር፤ ይህም ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ ዘጠኝ ያህሉ መሆኑ ነው።

ወደ ኒውዚላንድ በብዛት መጉረፍ የጀመሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት የአገሪቱ ፋብሪካዎች እየተስፋፉ በመሄዳቸው የሠራተኛ እጅ አጠራቸው። ሳሞአ ከ1914 ጀምሮ በኒውዚላንድ ሥር ስትተዳደር ቆይታ ጥር 1 ቀን 1962 ነጻነቷን ያገኘች አገር በመሆኗ የሁለቱ አገሮች ትስስር ጥብቅ ነበር። የኩክ ደሴቶች፣ የኒዌና የቶኬላው ሰዎች ደግሞ የኒውዚላንድ ዜግነት አላቸው። ስለዚህ ወጣቱ በመርከብም በአውሮፕላንም ሥራ ፍለጋ ወደ ኦክላንድ ተጓዘ። ወንዱ በፋብሪካና በቄራ፣ ሴቷ በልብስ ስፌት፣ በምግብ ማሸጊያ፣ በሆስፒታል እጥበትና በጽዳት ሥራ ተሰማሩ።

ከሚያገኙት ደመወዝ ከፊሉ ለቤት ኪራይ፣ ከፊሉ ለቤተ ክርስቲያን፣ ከፊሉም በደሴቱ ለቀሩት ወላጆችና ዘመዶች ይላካል። እናት ቀን ከሌት የምትለፋው ልጇ ተምሮ ሐኪም ወይም የሕግ ባለሙያ እንዲሆንላት ነው። ልጄ ተውኔት ይጽፍልኛል ብላ ባሕር ያቋረጠች እናት አትገኝም። ሆኖም ተውኔት የሚጽፉ ልጆች ያደጉት በእነዚሁ እናቶች ቤት ነው።

የልጆች የመጀመሪያ መድረክ

ቴአትር ለደሴቶቹ ሰዎች በባዕድ አገር የተገኘ ነገር አይደለም። በሳሞአ «ፋሌ አይቱ» የሚባል ጥንታዊ የቀልድ ጨዋታ አለ። ትርጉሙ የመናፍስት ቤት ማለት ነው። ቀልደኛው የሚናገረው እሱ ሳይሆን ያደረበት መንፈስ እንደሆነ ስለሚቆጠር፣ አለቃውንም ሆነ ባለሥልጣኑን በአደባባይ ቢነቅፍ አይቀጣም። ሰሙ ሳቅ፣ ወርቁ ተግሣጽ ነው ማለት ይቻላል።

በሮቱማ ደሴት ደግሞ ሴቶችን የሚመለከት አንድ አስደናቂ ልማድ አለ። በሰርግ ቀን አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት የጨዋታው መሪ እንድትሆን ትመረጣለች። በእጇ ዱላ ይዛ ታዳሚውን ሁሉ ታዛለች። ተነሥ ያለችው ይነሣል፤ ጨፍር ያለችው ይጨፍራል። የመንደሩ ሹማምንት ሳይቀሩ በፀሐይ ተንበርከኩ ብትላቸው ይንበረከካሉ። ያን ዕለት የወንድ የበላይነት ለጊዜው ይገለበጣል። የሮቱማው ተወላጅ ጸሐፌ ተውኔት ቪልሶኒ ሄሬኒኮ ይህን ልማድ አጥንተው በ1995 መጽሐፍ አሳትመውበታል።

በከተማ ለተወለዱት ልጆች ግን የመጀመሪያው መድረክ ቤተ ክርስቲያን ነው። በሳሞአዎች ዘንድ በጥቅምት ወር ሁለተኛው እሑድ «ነጭ እሑድ» ተብሎ ይከበራል። በዚያ ቀን ልጆች ነጭ ልብስ ለብሰው በምእመናን ፊት ይቆማሉ፤ ቃለ መጽሐፍ በቃላቸው ያነበንባሉ፤ ይዘምራሉ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰዱ አጫጭር ጨዋታዎችን ይሠራሉ። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ልብሱን የምትሰፋው፣ ልጁ የሚናገረውን እየደጋገመች የምታስጠናው፣ ድምፅህን ከፍ አድርግ እያለች የምታርመው እናት ናት። በሌላው ቀን ልጆች የሚበሉት ከትልልቆቹ በኋላ ሲሆን፣ በነጭ እሑድ ግን ቀድመው ይበላሉ፤ የሚያስተናግዷቸውም ትልልቆቹ ናቸው።

እንግዲህ የመጀመሪያዋ የቴአትር አዘጋጅ ማን እንደነበረች አንባቢ ልብ ይበል። ከጽዳት ሥራ ተመልሳ በእንቅልፍ ዓይኗ ልጇን ቃል ታስጠና የነበረችው እናት ናት።

በንጋት የተንኳኳ በር

የ1970ዎቹ ዓመታት ለእነዚህ ቤተሰቦች ክፉ ዓመታት ነበሩ። በ1973 ብሪታንያ የአውሮፓ የጋራ ገበያ አባል በመሆኗ የኒውዚላንድ ቅቤና የበግ ሥጋ የቀድሞ ገበያውን አጣ። በዚያው ዓመት የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ አሻቀበ። ፋብሪካዎች ሠራተኛ መቀነስ ሲጀምሩ፣ ትናንት በእጃችሁ ሥሩልን ተብለው የተጠሩት ሰዎች ዛሬ ሥራ ነጣቂዎች ተባሉ።

ከ1974 እስከ 1976 ፖሊሶች የመኖሪያ ፈቃዳቸው ያለፈባቸውን ሰዎች ለመያዝ ገና ጎሕ ሳይቀድ የደሴቶቹን ሰዎች ቤት ይደበድቡ ነበር። ሕፃናት በባትሪ መብራት ከእንቅልፋቸው ተቀሰቀሱ። አባቶች በሌሊት ልብሳቸው ተወሰዱ። በመንገድም ላይ የቆዳቸው ቀለም እየታየ ፈቃድ አሳዩ የተባሉ ብዙ ናቸው። ፈቃዳቸው ካለፈባቸው ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጡ ነበሩ፤ የእነሱን በር ግን ያንኳኳ አልነበረም። በ1985 እና በ1986 ስለነበረው ሁኔታ የተደረገ ጥናት እንደገለጸው፣ ፈቃዳቸው ካለፈባቸው ሰዎች የፓሲፊክ ተወላጆች አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ፍርድ ቤት ከቀረቡት ውስጥ ግን ከመቶ 86 ያህሉ እነሱ ነበሩ።

የእናቶች ዝምታ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በብዙ ቤት ያ ሌሊት አይነሣም። ልጆች ሲጠይቁ ወሬው ይለወጣል። ሕግ ያላፈረሰው ሰው ሁሉ እንደ ወንጀለኛ ተቆጥሮ አፍሯል፤ ኀፍረቱንም ለልጆቹ ማውረስ አልፈለገም።

ዝምታውን ከሰበሩት አንዱ ቴአትር ነው። በሳሞአ ተወልደው በኒውዚላንድ ያደጉት ኦስካር ካይትሊ በ1997 «የንጋት አሰሳ» የሚል ትርጉም ያለውን ተውኔት ለመድረክ አበቁ። ታሪኩ የሚፈጸመው በአንድ የሳሞአ ቤተሰብ ቤት ነው። የቤቱ ወንድ ልጅ እጮኛ ፈቃዷ ያለፈባት ስለሆነች ተደብቃ ትኖራለች፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር የቤተሰቡ ልብ ይደነግጣል። ይሁንና ተውኔቱ ልቅሶ ብቻ አይደለም፤ ሳቅም ሞልቶበታል። ፋሌ አይቱን የሚያውቅ ሕዝብ ከባድ ነገር የሚናገረው እያሳቀ ነው።

መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2021 ነው። በዚያ ቀን በኦክላንድ የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን በሳሞአ የይቅርታ ሥርዓት መሠረት ነጭ ምንጣፍ ለብሰው ሕዝቡ ፊት ተቀመጡ፤ የበደሉ ሰለባ የሆኑትም ወገኖች ምንጣፉን አነሡላቸው። በ2022 ተውኔቱ እንደገና ተዘጋጅቶ በኦክላንድ ትልቅ መድረክ ታየ። መንግሥት ይቅርታ ከመጠየቁ 24 ዓመት አስቀድሞ ነገሩን በአደባባይ ተናግሮት የነበረው ተውኔት ነው።

ተሰብስቦ መጻፍ

ከላይ የተጠቀሰው ተውኔት ለብቻው በተዘጋ ክፍል ውስጥ በተቀመጠ ደራሲ የተሠራ አይደለም። በ1993 በክራይስትቸርች ከተማ ጥቂት ወጣቶች ተሰባስበው «ፓሲፊክ አንደርግራውንድ» የተባለ ቡድን አቋቁመው ነበር። ከአባሎቹ መካከል የሚጽፉ፣ የሚጫወቱ፣ የሚዘፍኑና ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ነበሩ። ክራይስትቸርች ነጮች የሚበዙባት ከተማ በመሆኗ ለደሴቶቹ ልጆች የሚሆን ተውኔት ማግኘት አይታሰብም ነበር። ተዋናይ መሆን የፈለገ የደሴት ልጅ የሚያገኘው ቦታ የወንበዴ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ሁለት ቃል ተናግሮ መውጣት ነው። ወጣቶቹም ሌላ ሰው እስኪጽፍላቸው መጠበቁን ትተው የራሳቸውን መጻፍ ጀመሩ።

በዚያው ዓመት ኦስካር ካይትሊና ሳይመን ስሞል አብረው የጻፉትን የመጀመሪያውን ትልቅ ተውኔት አቀረቡ። ይኸውም ከሳሞአ አዲስ የመጣ አንድ ዘመድ በከተማ ኗሪ ቤተሰቡ ዘንድ ሲያርፍ የሚደርስበትን የሚያሳይ ነው። ቡድኑ በትልልቅ መድረኮች ብቻ ሳይወሰን በትምህርት ቤቶችም እየተዘዋወረ ወጣቶችን በሚመለከቱ ጉዳዮች ላይ ተውኔት ያሳይ ነበር።

ሰብሰብ ብሎ መሥራት ለደሴቶቹ ሰዎች ከቤት የተገኘ ልማድ ነው። በሳሞአ ሴቶች ከዛፍ ቅጠል ጭረት ምንጣፍ የሚሠሩበት «ፋሌ ላላንጋ» የተባለ የሽመና ቤት አላቸው። አንድን ጥሩ ነጭ ምንጣፍ ጨርሶ ለማውጣት ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ሴቶቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው እየተጨዋወቱ ይሠራሉ፤ አንዷ የሌላይቱን ሥራ ታያለች፤ ጭረቱ የላላባት ካለች ፍቺውና እንደገና ሥሪው ትባላለች። በዚህ የሚቆጣ የለም፤ ምንጣፉ ለሰርግ፣ ለልቅሶና ለይቅርታ የሚቀርብ የቤተሰብ ክብር ነውና።

የጸሐፍተ ተውኔቶቹ ስብሰባም በዚህ መንገድ ይሄዳል።

አንድ ተውኔት እንዴት ይበስላል?

አዲስ ተውኔት እንደ ጋዜጣ ጽሑፍ ተጽፎ በማግሥቱ አይወጣም። ብዙ ደረጃዎች አሉት።

መጀመሪያ የሚመጣው ጨዋታ ነው። በቶንጋ፣ በሳሞአና በፊጂ «ታላኖአ» የሚሉት ነገር አለ፤ ወግ እንደማለት ነው። ሰው ሳይቸኩል፣ አጀንዳ ሳይበዛበት፣ ያየውንና የሰማውን ያወጋል። ጸሐፊዋ አክስቷ በፋብሪካ ያጋጠማትን ታነሣለች። ሌላው አያቱ የነገሩትን ያክላል። ከዚህ መካከል አንዱ ነገር በጸሐፊዋ ልብ ይቀራል።

ቀጥሎ ጸሐፊዋ ጥቂት ገጾች ጽፋ ትመጣለች። ጓደኞቿ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ቃሎቹን ተከፋፍለው ጮክ ብለው ያነባሉ። ጸሐፊዋ ዝም ብላ ታዳምጣለች። በወረቀት ላይ ያማረው ንግግር በአፍ ሲነገር እንደሚከብድ የምታውቀው ያን ጊዜ ነው። ሳቅ ይመጣል ብላ ያሰበችበት ቦታ ጸጥ ይላል፤ ያላሰበችበት ቦታ ይሳቃል። እናትህ በእውነት እንዲህ ነው የምትናገረው ብሎ የሚጠይቅ ጓደኛ ይኖራል። ይህ ጥያቄ ብዙ ገጾችን ያስቀድዳል።

ሦስተኛው ደረጃ ከድርሰት አማካሪ ጋር የሚደረግ ሥራ ነው። አማካሪው በጸሐፊዋ ፈንታ አይጽፍም። ታሪኩ የማን ነው? ይህች ሴት ምን ፈለገች? የከለከላት ምንድን ነው? እያለ ይጠይቃል። ከዚህ በኋላ ጽሑፉ ለጥቂት ቀናት በተዋናዮች ይሞከራል። ተዋናዮቹ እየተነሡ እየተቀመጡ ሲሠሩት የማይሠራው ቦታ ቶሎ ይታያል።

አራተኛው ሕዝባዊ ንባብ ነው። ተዋናዮቹ ጽሑፉን በእጃቸው እንደያዙ ወንበር ላይ ተቀምጠው በተመልካች ፊት ያነባሉ። ልብሰ ተውኔትም ሆነ የመድረክ ጌጥ የለም። ወጪው አነስተኛ ስለሆነ ቢበላሽም ብዙ አይጎዳም። ጸሐፊዋ ከኋላ ተቀምጣ ተመልካቹን ታያለች፤ ሰው የሚቁነጠነጠው የት ላይ እንደሆነ ትመዘግባለች። ከዚያ እንደገና ትጽፋለች። ልምምድ የሚጀመረው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

በኒውዚላንድ ይህን የሚያግዝ «ፕሌይማርኬት» የተባለ የጸሐፍተ ተውኔት ድርጅት በ1973 ተቋቁሟል። ድርጅቱ አዳዲስ ድርሰቶችን አንብቦ አስተያየት ይሰጣል፤ ሙከራና ንባብ ያዘጋጃል፤ ተውኔቶችን ያሳትማል፤ የደራሲውን ክፍያና መብት ይከታተላል። ለማኦሪና ለፓሲፊካ ጸሐፍት ማጎልበቻ የሚሆን የተለየ ፕሮግራምም አውጥቷል። ደራሲ ብቻውን ከቴአትር ቤት ጋር ሲዋዋል መብቱ የት ላይ እንደሚያልቅ ላያውቅ ስለሚችል ይህ ዓይነቱ ድጋፍ ቀላል አይደለም።

እናትን ማድመጥ

ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ በዚህ ሥራ የሴቶች ድምፅ እየጎላ መጥቷል። ዳያና ፉኤማና በ1999 «ማፓኪ» የተባለውን ተውኔታቸውን አቀረቡ። የኒዌ ሰዎችን አመለካከት ወደ ኒውዚላንድ መድረክ ያመጣ የመጀመሪያው ተውኔት ነው ይባላል። ኒዌ በጣም ትንሽ ደሴት ናት፤ በኒውዚላንድ የሚኖረው የኒዌ ሰው በደሴቷ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቋንቋው በከተማ ቤቶች ውስጥ እየተረሳ ባለበት ጊዜ የኒዌ ሴት ድምፅ መድረክ ላይ መሰማቱ ለልጆቹ ትልቅ ነገር ነበር።

እኚሁ ደራሲ በ2000ዎቹ ዓመታት «ፋሌማላማ» የተባለ ሌላ ተውኔት ጽፈዋል። መሠረቱ የገዛ እናታቸው የሕይወት ጉዞ ነው። እናት ከአሜሪካ ሳሞአ ተነሥታ ወደ ኒዌ፣ ከዚያም ወደ ኒውዚላንድ የሄደችበትን መንገድ ልጅ በመድረክ ላይ ተከትላ ትሄዳለች። የእናትን ሕይወት ለመጻፍ ግን አስቀድሞ እናትን መጠየቅ፣ ዝም ብሎም ማድመጥ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን እናታችን ስትሞት የምንጸጸተው ይህን ሳናደርግ በመቅረታችን ነው።

ባለቅኔዋ ቱሲያታ አቪያም የሳሞአ ሴቶችን ሕይወት ቁጣና ሳቅ በተቀላቀለበት ግጥም ጽፈው፣ መጀመሪያ ራሳቸው ለብቻቸው በመድረክ ያቀርቡት ነበር። ግጥሞቹ በ2004 በመጽሐፍ ታተሙ። በ2016 ደግሞ በአናፔላ ፖላታይቫኦ አዘጋጅነት ስድስት ሴቶች የሚሠሩት ተውኔት ሆኖ በኦክላንድ ደቡባዊ ክፍል በማንገሬ ታየ። በጥር 2020 ኒውዮርክ ድረስ ተጉዞ ለተመልካች ቀርቧል። ከመጀመሪያው የብቻ ትርኢት እስከ ኒውዮርኩ መድረክ ድረስ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ አልፏል። አንድ ሥራ በስሎ የሚገባው ቦታ እስኪደርስ ይህን ያህል ጊዜ ሊወስድ እንደሚችል ልብ ይሏል።

ፋብሪካው በዘፈን

የሠራተኛውን ኑሮ በቀጥታ ያነሣው ሥራ ግን «ፋብሪካው» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ነው። ሥራውን ያቀረበው በ2002 በቬላ ማኑሳኡቴና በአናፔላ ፖላታይቫኦ የተቋቋመው «ኪላ ኮኮነት ክሩ» የተባለው ቡድን ነው። በ1970ዎቹ አንድ አባትና ሴት ልጁ ከሳሞአ ወደ ኒውዚላንድ ሄደው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲቀጠሩ የሚያገኛቸውን ያሳያል። የስፌት መኪናው ድምፅ፣ የአለቃው ቁጣ፣ የሠራተኞቹ ጓደኝነትና ፍቅር በዘፈንና በውዝዋዜ ይተረካል።

ተውኔቱ በ2011 ሲቀርብ የተመረጠው ቦታ ራሱ ትርጉም አለው። በማንገሬ የሚገኘው የኪነ ጥበብ ማዕከል በ2010 የተከፈተ ሲሆን፣ የፓሲፊካ ሠራተኛ ቤተሰቦች በብዛት በሚኖሩበት ሰፈር መካከል ነው። ከዚያ በፊት ቴአትር ለማየት መሐል ከተማ መውረድ፣ ለመኪናና ለመግቢያ መክፈል፣ ልጅ የሚጠብቅ መፈለግ ያስፈልግ ነበር። ቴአትሩ ወደ ሰፈር ሲመጣ ግን ሴት አያት፣ እናትና የልጅ ልጅ አብረው ለማየት ቀለላቸው። በ1970ዎቹ በፋብሪካ የሠራች አያት የራሷን ወጣትነት በመድረክ አየች፤ የልጅ ልጇም አያቱ ቀድሞ ማን እንደነበረች ተረዳ። ሥራው ቆይቶ በልዩ ልዩ የኒውዚላንድ ከተሞችና በአውስትራሊያ ታይቶ በ2014 በስኮትላንድ ኤዲንብራ ለሚደረገው ትልቅ የቴአትር በዓል በቅቷል።

ችግሩ አላለቀም

ይህን ስንል ሁሉ ነገር ተቃንቷል ማለታችን አይደለም። በመጻፍ ብቻ ቤተሰብ ማስተዳደር በየትም አገር አዳጋች ነው። ብዙዎቹ ጸሐፍት ቀን ሌላ ሥራ ሠርተው ማታ ይጽፋሉ። ልጅ ያላት ጸሐፊ ደግሞ ልጆቿን አስተኝታ ከምትጀምረው ሌሊት ላይ ነው የምትቆጥበው። የመንግሥት የኪነ ጥበብ ድጎማ ቢኖርም የሚያመለክተው ብዙ፣ የሚሰጠው ገንዘብ ውሱን ነው። አንድ ጊዜ ታይቶ ወደ መሳቢያ የሚመለስ ተውኔትም ጥቂት አይደለም።

ሌላው ችግር የቤት ውስጥ ነው። በደሴቶቹ ባህል ለወላጅ፣ ለቄስና ለሽማግሌ የሚሰጠው ክብር ከፍ ያለ ነው። የቤት ነውር በአደባባይ አይወራም። ስለ ባል ዱላ፣ ስለ ድህነት፣ ለቤተ ክርስቲያን መዋጮ ሲባል ስለተወሰደ ብድር የምትጽፍ ልጅ ገመናችንን አወጣሽው ተብላ ልትወቀስ ትችላለች። የወላጆቹም ስጋት መሠረት የለውም አይባልም። ከተመልካቹ መካከል ስለ እነሱ ክፉ ለመስማት ብቻ የተዘጋጀ ሊኖር ይችላልና።

እዚህ ላይ የቡድኑ ጥቅም ይታያል። ብቻዋን የምትጽፍ ልጅ ወይ ፈርታ ትተወዋለች፣ ወይ ተናድዳ ታጋንነዋለች። በቡድን ውስጥ ግን ያንኑ ባህል የሚያውቁ ጓደኞች አብረው ይመዝኑታል። ይህ ነገር ይነገር? ከተነገረስ የሚያዋርድ ሳይሆን የሚያስተምር የሚሆነው እንዴት ሲነገር ነው? ምንጣፍ የሚሠሩት ሴቶች የላላውን ጭረት እንደሚፈቱት፣ ቂም የተቀላቀለበት ቃል ይወጣል፤ እውነቱ ግን ይቀራል።

ሦስተኛው ጥያቄ የቋንቋ ነው። እናት በሳሞአ ቋንቋ ትናገራለች፤ ልጅ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ጸሐፊዋ በየትኛው ትጻፍ? ብዙዎቹ እንደ ቤታቸው ሁለቱንም ይቀላቅላሉ። ቋንቋውን የማያውቅ ተመልካች አንዳንድ ቀልድ ያመልጠዋል። እናቶቹ ግን ያን ጊዜ ከሁሉ ቀድመው ይስቃሉ። በሌላው ቀን ሁሉ እንግሊዝኛው አልገባሽም እየተባሉ የኖሩ ሴቶች፣ ለአንድ ምሽት እንኳ የሚገባቸው እነሱ፣ የሚጠይቃቸው ሌላው ይሆናል።

ለእናቶችና ለልጆች

ከእነዚህ ጸሐፍተ ተውኔት ሥራ የምናገኘው ቁም ነገር ከቴአትር ቤት በር አልፎ ወደየቤታችን የሚገባ ነው። የታላላቅ ሰዎች ታሪክ በመዝገብ ይጻፋል፤ ሐውልትም ይቆምለታል። ሌሊት ወለል የፈተገች፣ በፋብሪካ ቆማ የዋለች፣ ልጆቿን ለማስተማር ያልሆነችው ያልነበረች እናት ታሪክ ግን ያለው በእሷ አፍ ብቻ ነው። ካልነገረች አብሯት ያልፋል። ብትነግርም የሚሰማ ካላገኘች ያው ነው።

እናት ሆይ፣ የሠራሽው ሥራ ተራ ነው፣ ለወሬ አይበቃም አትበይ። የመጀመሪያ ደመወዝሽን የተቀበልሽበትን ቀን፣ ያለቀስሽበትን ማታ፣ ከሥራ ጓደኞችሽ ጋር የሳቅሽበትን የሻይ ሰዓት ለልጆችሽ አጫውቺ። ልጆችም ጠይቁ፤ ስትጠይቁም አትቸኩሉ። አንዳንዱ መልስ የሚመጣው ከሦስት ዝምታ በኋላ ነው።

ከሰማችሁት ውስጥ ተውኔት የሚወጣው ይገኝ ይሆናል፣ ላይገኝም ይችላል። ቢያንስ ግን በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራ ቦታችሁ ስትገቡ ጠረጴዛው በራሱ እንዳልጸዳ ታስባላችሁ፤ ያጸዳችውንም ሴት በስሟ ጠርታችሁ እንደምን አደርሽ ትሏታላችሁ።